ኤድዋር ሉካስ እና ባለ 39 አሃዙ ብቸኛ ቁጥር

መግቢያ

ከ1 የሚበልጥና ከ1 እና ከራሱ በቀር ሌላ አካፋይ የሌለው ሙሉ ቁጥር ብቸኛ ቁጥር ይባላል። 7፣ 31 እና 127 ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፤ 2,047 ግን 23 በ89 ሲባዛ የሚገኝ በመሆኑ ብቸኛ አይደለም። ትንንሽ ቁጥሮችን በዚህ መልክ መለየት ለአንደኛ ደረጃ ተማሪ የሚሰጥ ሥራ ነው። ቁጥሩ ባደገ መጠን ግን ሥራው ከሰው አቅም ውጭ እየሆነ ይሄዳል። የሚከተለው ባለ 39 አሃዝ ቁጥር ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው፤

170,141,183,460,469,231,731,687,303,715,884,105,727

ይህ ቁጥር 2 ለ127 ጊዜ በራሱ ተባዝቶ ከውጤቱ 1 ሲቀነስ የሚገኘው ነው፤ በአጭሩ 2¹²⁷ − 1 ተብሎ ይጻፋል። ብቸኛ መሆኑን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1876 ዓ.ም. ያሳወቀው ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ኤድዋር ሉካስ ነበር። በዘመኑ የኤሌክትሮኒክ ማስሊያ ቀርቶ ጥርስ ባላቸው ተሽከርካሪ መዘውሮች የሚሠራው የማስሊያ መሣሪያ እንኳ ብርቅ ነበር። ይህ ጽሑፍ የሉካስን ሕይወት ከዚህ ቁጥር ጋር አያይዞ ይመለከታል። ዓላማው ስለ አንድ እጅግ ትልቅ ቁጥር የተነገረ ነገር ከግምት ወደ እውቀት የተሸጋገረው በምን መንገድ እንደሆነ ማሳየት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከአሚያን እስከ ፓሪስ

ፍራንስዋ ኤድዋር አናቶል ሉካስ ሚያዝያ 4 ቀን 1842 በሰሜን ፈረንሳይ በምትገኘው በአሚያን ከተማ ተወለደ። የከፍተኛ ትምህርቱን በፓሪስ በታዋቂው ኤኮል ኖርማል ሱፔርየር ተከታተለ። ከዚያም የኔፕቱን ፕላኔት የምትገኝበትን ሥፍራ በስሌት አስቀድሞ በማመልከቱ ስሙ በገነነው በኡርባን ለቬሪዬ መሪነት በፓሪስ የሥነ ፈለክ ምልከታ ተቋም ሠራ። ረጃጅም ስሌቶችን ደረጃ በደረጃ፣ ያለ ስህተት መፈጸም በዚህ ተቋም የዕለት ተዕለት ተግባር ነበር።

በ1870 በፈረንሳይና በፕሩሲያ መካከል ጦርነት ሲፈነዳ ሉካስ በመድፈኛ ክፍል መኮንንነት ዘመተ። ከጦርነቱ በኋላ በ1875 ከመድፍ ጋር የተያያዘ አንድ ጥያቄ ለሒሳብ ሰዎች አቀረበ። ክብ የመድፍ ጥይቶች መሠረቱ አራት ማዕዘን በሆነ ክምር ተደርድረው ሳለ፣ ክምሩ ፈርሶ ጥይቶቹ በሙሉ በመሬት ላይ አንድ ሙሉ አራት ማዕዘን እንዲሠሩ ከተፈለገ የጥይቶቹ ብዛት ስንት ሊሆን ይችላል? ከ1 እስከ 24 ያሉት ቁጥሮች እያንዳንዳቸው በራሳቸው ተባዝተው ሲደመሩ 4,900 ይሆናሉ፤ ይህም 70 በ70 ሲባዛ የሚገኘው ነው። አንድ ጥይት ብቻ ካለበት ተራ ሁኔታ በቀር ከዚህ ሌላ መልስ እንደሌለ ሉካስ ገመተ፤ ግምቱ ሙሉ ማረጋገጫ ያገኘው ግን እርሱ ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ በ1918 ነው። ትክክለኛውን መልስ አስቀድሞ ማየትና ማረጋገጫውን ለሚከተለው ትውልድ መተው በሉካስ ሥራ ውስጥ ደግሞ የሚታይ ባሕርይ ነው።

ሉካስ ከውትድርና ሲመለስ በሙላን ከተማ፣ ቀጥሎም በፓሪስ በሊሴ ሴን ሉዊና በሊሴ ሻርልማኝ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ሆነ። ለቁጥሮች ንድፈ ሐሳብ ያበረከታቸው ታላላቅ ሥራዎች የተጻፉት በዚህ የመምህርነት ዘመኑ ነው።

ከመርሴን የተወረሰው ዝርዝር

ሉካስ የተነሣበት ጥያቄ በእርሱ ዘመን ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ነበረው። ፈረንሳዊው መነኩሴ ማሬን መርሴን በ1644 ባሳተመው መጽሐፍ ከ2 ርቢዎች 1 ሲቀነስ ስለሚገኙ ቁጥሮች አንድ ዝርዝር አቅርቦ ነበር። እንደ እርሱ አባባል፣ አርቢው ከ257 ሳይበልጥ ውጤቱ ብቸኛ የሚሆነው አርቢው 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 13፣ 17፣ 19፣ 31፣ 67፣ 127 እና 257 ሲሆን ብቻ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ትልልቆቹን በዚያ ዘመን ማንም ሊመረምራቸው አይችልም ነበር። ዝርዝሩ በማረጋገጫ ያልተደገፈ ቢሆንም በጸሐፊው ዝና ታምኖ ከትውልድ ወደ ትውልድ ተላለፈ።

በጥያቄው ውስጥ የማያከራክረው ክፍል፣ አርቢው ራሱ ብቸኛ ካልሆነ ውጤቱም ብቸኛ ሊሆን እንደማይችል ነው። ለምሳሌ 64 በ2፣ በ4፣ በ8፣ በ16 እና በ32 ስለሚካፈል 2⁶⁴ − 1 በቀላሉ ወደ አካፋዮቹ ይፈታል፤ እነርሱም 3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 641፣ 65,537 እና 6,700,417 ናቸው። የአርቢው ብቸኛ መሆን ግን ብቻውን በቂ አይደለም። 11 ብቸኛ ቁጥር ቢሆንም 2¹¹ − 1 ከላይ የተጠቀሰው 2,047 ነው፤ ይኸውም ይካፈላል።

ሊዮናርድ ኦይለር በ1772 ባለ 10 አሃዙ 2³¹ − 1፣ ማለትም 2,147,483,647፣ ብቸኛ መሆኑን አረጋገጠ። የተጠቀመበት መንገድ ሊሆኑ የሚችሉትን አካፋዮች በቁጥር ባሕርይ አጥርቶ የቀሩትን አንድ በአንድ መሞከር ነበር። ያው መንገድ ለ127 አይሠራም። የ2¹²⁷ − 1 አካፋይ ቢኖር፣ የ254 ብዜት ላይ 1 ተደምሮ የሚገኝ ቁጥር መሆን እንዳለበት ይታወቃል። ይህ ማጣሪያ እንኳ ተጠቅሞ እስከ ቁጥሩ ዳግም ዘር ድረስ መሞከር የሚገባቸው ቁጥሮች 51 ሺህ ትሪሊዮን ያህል ናቸው። በየሰከንዱ አንድ ማካፈል የሚፈጽም ሰው ሌት ተቀን ቢሠራ ከ1.6 ቢሊዮን ዓመት በፊት አይጨርስም። ስለዚህ የመርሴንን ቃል ለማጽናትም ሆነ ለመሻር አካፋይ ከመፈለግ የተለየ መንገድ ያስፈልግ ነበር።

አካፋይ ሳይፈልጉ መመርመር

መንገዱን ሉካስ ያገኘው ከፊቦናቺ ቁጥሮች ነው። ይህን ስያሜ በሒሳብ ሰዎች ዘንድ እንዲለመድ ያደረገውም እርሱ ራሱ ነው። በፊቦናቺ ተርታ እያንዳንዱ ቁጥር ከእርሱ በፊት ያሉት የሁለቱ ድምር ነው። በዚያው ሕግ ተመርቶ ከ2 እና ከ1 የሚነሣው ተርታ፣ 2፣ 1፣ 3፣ 4፣ 7፣ 11፣ 18፣ 29፣ 47 እያለ የሚቀጥለው፣ ዛሬ በሉካስ ስም ይጠራል። በዚህ ተርታ ከ3 ተነሥቶ ቁጥሩን በራሱ አባዝቶ 2 መቀነስ፣ መካከል ያሉትን ዘልሎ ወደ 7፣ ከ7 ወደ 47፣ ከ47 ወደ 2,207 ያደርሳል። በተርታው ውስጥ በአጭር እርምጃ እጅግ ሩቅ መድረስ የሚቻለው በዚህ ስሌት ነው።

ሉካስ ይህን ዝላይ የብቸኛነት መመርመሪያ አደረገው። አርቢው ለ4 ሲካፈል ቀሪው 3 የሚሆን ብቸኛ ቁጥር ከሆነ ከ3 ይነሣል፤ በየደረጃው ቁጥሩ በራሱ ተባዝቶ 2 ይቀነሳል፤ ውጤቱ በሚመረመረው ቁጥር ተካፍሎ ቀሪው ብቻ ይያዛል። ከአርቢው በ1 በሚያንሰው ቦታ ላይ ቀሪው ዜሮ ከሆነ የተመረመረው ቁጥር ብቸኛ ነው፤ ዜሮ ካልሆነ ግን ይካፈላል።

አሠራሩን በትንሽ ቁጥር ማየት ይቻላል። አርቢው 7 ሲሆን የሚመረመረው ቁጥር 127 ነው። ቀሪዎቹ በቅደም ተከተል 3፣ 7፣ 47፣ 48፣ 16 እና 0 ይሆናሉ። ስድስተኛው ዜሮ በመሆኑ 127 ብቸኛ ነው። አርቢው 11 ሲሆን በ2,047 ላይ የሚገኙት ቀሪዎች 3፣ 7፣ 47፣ 160፣ 1,034፣ 620፣ 1,609፣ 1,471፣ 160 እና 1,034 ናቸው። ተርታው ወደ 160 ተመልሶ ይዞራል እንጂ ዜሮ ላይ አይደርስም። ስለዚህ 2,047 ብቸኛ አለመሆኑ ታወቀ፤ ነገር ግን 23 እና 89 የሚባሉት አካፋዮቹ በስሌቱ ውስጥ በየትም ቦታ አልታዩም። የዘዴው አዲስነት በዚህ ላይ ነው፤ ቁጥሩ መካፈሉን ይናገራል፣ በምን እንደሚካፈል ግን አይናገርም።

127 ለ4 ሲካፈል ቀሪው 3 በመሆኑ ዘዴው ለ2¹²⁷ − 1 ይሠራል። የሚያስፈልገው ከ3 ተነሥቶ ወደ 126ኛው ቦታ መድረስ፣ ማለትም 125 ጊዜ ማባዛትና ቀሪውን መያዝ ነው። እያንዳንዱ ደረጃ እስከ 39 አሃዝ ያለውን ቁጥር በራሱ ማባዛትን ስለሚጠይቅ ሥራው አድካሚ ነው፤ ሆኖም ዳር ያለው ሥራ ነው። ከቢሊዮን ዓመታት ወደ 125 ደረጃዎች መውረዱ ቀድሞ የማይቻለውን የሚቻል አደረገው።

በቼዝ ሰሌዳ ላይ የሚሠራ ስሌት

ሉካስ ይህን ስሌት በጨዋታ መልክ የሚፈጽሙበትንም መንገድ አስረድቷል። የተጠቀመበት 1 እና 0 ብቻ ያሉበትን የሁለትዮሽ አጻጻፍ ነው። በዚህ አጻጻፍ 2¹²⁷ − 1 ያለ ምንም ዜሮ በ127 አንዶች ይጻፋል። ወርዱም ቁመቱም 127 ቤት የሆነ ትልቅ የቼዝ ሰሌዳ ቢዘጋጅ፣ 1 ባለበት ቤት ወታደር ተቀምጦ፣ 0 ያለበት ቤት ባዶ ሆኖ ማንኛውንም ቀሪ በአንድ ረድፍ ማስፈር ይቻላል።

ቁጥሩን በራሱ ለማባዛት ያው ረድፍ በየመስመሩ ወደ ግራ እየተገፋ ይደገማል። በግራ በኩል ከሰሌዳው የሚወጣው ወታደር በዚያው መስመር በቀኝ ጫፍ ተመልሶ ይገባል፤ 2¹²⁷ ለሚመረመረው ቁጥር ሲካፈል ቀሪው 1 ስለሆነ ይህ መዞር ማካፈሉን ራሱ ይተካዋል። ከዚያ በአንድ አምድ ውስጥ ሁለት ወታደሮች በተገኙ ቁጥር ሁለቱ ተነሥተው በስተግራቸው ባለው አምድ አንድ ይቀመጣል። በመጨረሻ ከተገኘው ረድፍ 2 ይቀነሳል። በ125ኛው ዙር መጨረሻ ረድፉ ባዶ ከሆነ ወይም 127ቱም ቤቶች በወታደር ከተሞሉ ቀሪው ዜሮ ነው ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን የባለ 39 አሃዝ ቁጥር ማባዛትና ማካፈል፣ ወታደር ከማንሣትና ከማስቀመጥ ያለፈ እውቀት የማይጠይቅ ሥራ ይሆናል። ዛሬ ኮምፒውተሮች እንዲህ ያሉትን ቁጥሮች የሚመረምሩት በመሠረቱ በዚሁ የሁለትዮሽ መዞር ነው።

አዎንታና አሉታ እኩል አለመሆናቸው

ሉካስ በ1876 የሁለት ምርመራዎችን ውጤት አሳወቀ። በመርሴን ዝርዝር ውስጥ ያለው 127 ትክክል ሆኖ ተገኘ፤ 2¹²⁷ − 1 ብቸኛ ነው። 67 ግን ስህተት ነበር፤ 2⁶⁷ − 1 ይካፈላል። ከሁለት መቶ ሠላሳ ዓመት በኋላ የመነኩሴው ዝርዝር ለመጀመሪያ ጊዜ ስህተት ተገኘበት።

ሁለቱ ውጤቶች በአንድ ዘዴ ቢገኙም የሚሰጡት የእርግጠኝነት መጠን አንድ አይደለም። በ125 ደረጃዎች ውስጥ አንዲት አሃዝ ብትሳሳት ከእርሷ በኋላ ያሉት ቀሪዎች በሙሉ ይለወጣሉ፤ የተሳሳተ ስሌት በአጋጣሚ ዜሮ ላይ የማረፉ ዕድል ከምንም የማይቆጠር ነው። ስለዚህ ዜሮ ሲገኝ የቁጥሩ ብቸኛነት ብቻ ሳይሆን የሠሪው ጥንቃቄም አብሮ ይመሰከራል። ዜሮ ሳይገኝ ሲቀር ግን ምክንያቱ የቁጥሩ መካፈል ይሁን ወይም የሠሪው እጅ መሳሳት ከውጤቱ ብቻ መለየት አይቻልም። 2⁶⁷ − 1ን በተመለከተ ይህ ጥርጣሬ የተወገደው በ1903 ነው። በዚያ ዓመት አሜሪካዊው ፍራንክ ኔልሰን ኮል 147,573,952,589,676,412,927 የሚባለው ይህ ቁጥር 193,707,721 በ761,838,257,287 ሲባዛ የሚገኝ መሆኑን አሳየ። ሁለቱን አባዝቶ ማየት የማንም ሰው የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ሉካስ ሃያ ሰባት ዓመት አስቀድሞ የተናገረውም ትክክል ሆኖ ተገኘ።

የሉካስ ሥራ ጉድለት ግን ከስሌቱ ይልቅ በንድፈ ሐሳቡ በኩል ነበር። ዘዴውን በሰፊው ያቀረበበት ጥናት በ1878 በአሜሪካ የሒሳብ መጽሔት የመጀመሪያ ቅጽ ላይ ታተመ። በጥናቱ የቀረቡት አንዳንድ ድንጋጌዎች ሙሉ ማረጋገጫ አልነበራቸውም፤ የሚሠሩባቸው ሁኔታዎችም በየቦታው ጥርት ብለው አልተቀመጡም። ሮበርት ካርማይክል በ1913 ብዙዎቹን አቃንቶ አሰፋቸው። ዴሪክ ሄንሪ ሌህመር ደግሞ በ1930 ምርመራው አዎንታውንም አሉታውንም በእርግጠኝነት እንደሚለይ ሙሉ ማረጋገጫ ሰጠ። ዘዴው ዛሬ የሉካስና የሌህመር ምርመራ የሚባለው ስለዚህ ነው።

የመርሴን ዝርዝርም በሂደት ተጣርቶ አለቀ። 67 እና 257 ያለቦታቸው የገቡ፣ 61፣ 89 እና 107 ደግሞ ያለአግባብ የተተዉ መሆናቸው ታወቀ። በተጣራው ቅደም ተከተል 2¹²⁷ − 1 አሥራ ሁለተኛው ነው። ከእርሱም ሌላ እውነት ይከተላል፤ በ2¹²⁶ ሲባዛ አካፋዮቹ ተደምረው ራሱን የሚሰጡ ባለ 77 አሃዝ ፍጹም ቁጥር ይገኛል። ኦዤን ካታላን ደግሞ ቁጥሩ አንድ ሰንሰለት እንደሚያሟላ አስተዋለ። 2² − 1 ሲሰላ 3፣ 2³ − 1 ሲሰላ 7፣ 2⁷ − 1 ሲሰላ 127 ይገኛል፤ 127ን አርቢ ማድረግ ደግሞ የሉካስን ቁጥር ይሰጣል። አራቱም ውጤቶች ብቸኛ ናቸው። የሉካስ ቁጥር ራሱ አርቢ ሲሆን የሚገኘው ቀጣዩ ቁጥር ግን የአሃዞቹ ብዛት ብቻ ከ38 አሃዝ ባላነሰ ቁጥር የሚገለጽ በመሆኑ ብቸኛ መሆን አለመሆኑ እስካሁን አልታወቀም።

የሐኖይ ግንብና ድንገተኛው ሞት

ሉካስ ለብዙው ሕዝብ የታወቀው በቁጥሮች ንድፈ ሐሳብ ሳይሆን በጨዋታዎቹ ነው። ከ1882 ጀምሮ የሒሳብ መዝናኛዎችን የያዙ ተከታታይ መጻሕፍት አሳተመ፤ አራት ቅጾች ያሉት ይህ ሥራ የተጠናቀቀው ከሞተ በኋላ በ1894 ነው። በ1883 የሐኖይ ግንብ የተባለውን ጨዋታ በብዕር ስም አወጣ። የብዕር ስሙ ኤን. ክላውስ ዘ ሲያም የሚል ሲሆን፣ በፈረንሳይኛ ፊደላቱ ቦታ ሲለዋወጡ ሉካስ ዘ አሚያን የሚለውን ይሰጣሉ። በጨዋታው በአንድ እንጨት ላይ የተደረደሩ ዝርግ ክቦች አንድ በአንድ እየተነሡ፣ ትልቁ በትንሹ ላይ ሳይቀመጥ፣ ወደ ሌላ እንጨት ይዛወራሉ።

ክቦቹ 64 ቢሆኑ የሚያስፈልገው ትንሹ የእርምጃ ብዛት 2⁶⁴ − 1፣ ማለትም 18,446,744,073,709,551,615 ነው። በየሰከንዱ አንድ ክብ ቢነሣ ጨዋታው 585 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ይፈጃል። የሁለቱ ቁጥሮች መልክ አንድ ነው፤ ጠባያቸው ግን ይለያያል። የጨዋታው ቁጥር ከላይ እንደታየው ወደ ሰባት ብቸኛ አካፋዮች ይፈታል፤ የምርመራው ቁጥር ግን በምንም አይፈታም። ልዩነቱን የፈጠረው የአርቢው ጠባይና በ125 ደረጃዎች መጨረሻ የተገኘው ዜሮ ነው።

በ1891 የሉካስ የቁጥሮች ንድፈ ሐሳብ መጽሐፍ የመጀመሪያ ቅጽ ታተመ። በዚያው ዓመት የፈረንሳይ የሳይንስ እድገት ማኅበር በማርሴይ ከተማ ባካሄደው ጉባኤ ላይ ተገኘ። በግብዣው ላይ ከአስተናጋጅ እጅ የወደቀ ሳህን ተሰብሮ ስባሪው የሉካስን ጉንጭ ቆረጠው። ቁስሉ አመርቅዞ ቆዳን የሚያነድድ ኢንፌክሽን አስከተለ፤ ሉካስም ጥቅምት 3 ቀን 1891 በ49 ዓመቱ አረፈ። የጀመረው መጽሐፍ ሁለተኛ ቅጽ ሳይወጣ ቀረ።

ማጠቃለያ

2¹²⁷ − 1 ለሰባ አምስት ዓመት ያህል፣ እስከ 1951 ድረስ፣ ከታወቁት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ትልቁ ሆኖ ቆየ። ያለ ኮምፒውተር ከተረጋገጡት የመርሴን ብቸኛ ቁጥሮች ዛሬም ትልቁ እርሱ ነው። በ1952 ራፋኤል ሮቢንሰን ስዋክ በተባለው የአሜሪካ ኮምፒውተር አምስት አዳዲስ የመርሴን ብቸኛ ቁጥሮችን ሲያገኝ የተጠቀመው በሉካስና በሌህመር ምርመራ ነበር። በ2024 ይፋ የሆነውና አርቢው 136,279,841፣ የአሃዞቹ ብዛት 41,024,320 የሆነው ቁጥርም ብቸኛነቱ የጸናው በዚሁ ምርመራ ነው።

የአንድ ቁጥር ብቸኛነት በማንም ፈቃድ አይለወጥም፤ 2¹²⁷ − 1 መርሴን ስሙን ከመጥራቱ በፊትም ብቸኛ ነበር። የተለወጠው ስለ ቁጥሩ ያለው የሰው እውቀት ነው። መርሴን ተናገረ፣ ሉካስ መረመረ፣ ሌህመር የምርመራውን መሠረት አጸና። መርሴን በ127 ላይ የተናገረው ትክክል ሆኖ ቢገኝም፣ በ67 ላይ በዚያው ድምፅ የተናገረው ስህተት ስለነበር፣ ትክክሉ ብቻውን እውቀት ሊባል አይችልም። ሉካስ ያበረከተው ሁለቱን የሚለይ መንገድ ነው። በንድፈ ሐሳቡ ውስጥ የተዋቸው ክፍተቶች በሌሎች እጅ ቢሞሉም፣ አካፋይ ሳይፈልጉ እውነቱን መድረስ እንደሚቻል ያሳየው ግን በቀን ተማሪዎችን ሲያስተምር የኖረው ይኸው መምህር ነው።